ደጋግ ሰዎች የጠቆሙባት ሴት

እ.ኤ.አ. በ1991 የወጣው «ስሊፒንግ ዊዝ ዘ ኤነሚ» የተባለው ፊልም ሲነሳ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው ፎጣዎቹን ነው። መታጠቢያ ቤት ውስጥ ጫፍ ለጫፍ ተስተካክለው የተሰቀሉትን ፎጣዎች፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ፊታቸውን አዙረው የተደረደሩትን የታሸጉ ምግቦች። እኔ ግን ፊልሙን ደግሜ ባየሁት ቁጥር ልቤ የሚቆመው ብዙ ሰው ልብ የማይለው አንድ የስልክ ጥሪ ላይ ነው።

ላላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ጁሊያ ሮበርትስ የምትጫወታት ላውራ ኬፕ ኮድ በሚባለው የአሜሪካ ባሕር ዳርቻ ከሀብታም ባሏ ከማርቲን ጋር ትኖራለች። ቤቱ መስታወት በመስታወት ነው፤ ባሏ መልከ መልካም፣ አለባበሱ የተስተካከለ፣ ሰው ፊት አንደበተ ርቱዕ፤ ፎጣውና ጣሳው እንዲያ ተስተካክሎ እንዲቀመጥ የሚያዘውም እሱ ነው። ጎረቤታቸውን ሐኪም በመስኮት አየሽው ብሎ ይመታታል፤ ቆይቶ አበባና ቀይ የሌሊት ልብስ ይዞላት ይመጣል። ላውራ ውሃ ትፈራለች፤ ዋና እንደማትችል ባሏ ያውቃል። እሷ ግን ቤተ መጻሕፍት ሥራ ሄድኩ እያለች በድብቅ ዋና ትማራለች። አንድ ሌሊት በጀልባ ሳሉ ማዕበል ይነሳና ከጀልባው ትጠፋለች። ሰጠመች ተብሎ ይለቀስላታል። እሷ ዋኝታ ወጥታ፣ ቤቷ ተመልሳ፣ ፀጉሯን ቆርጣ፣ የጋብቻ ቀለበቷን ሽንት ቤት ጥላ፣ አስቀድማ ያዘጋጀችውን ሻንጣ ይዛ አይዋ ግዛት ሴዳር ፎልስ ትገባለች። ዓይነ ስውር እናቷን አስቀድማ ወደዚያ አካባቢ መጦሪያ አዛውራታለች። ለባሏ የነገረችው እናቴ ሞታለች ብላ ነው።

ይህን ሁሉ ያሰበች፣ ይህን ሁሉ የቻለች ሴት እንዴት ተገኘች? ዋና አብራት የምትማር አንዲት ሴት ሞቷን ሰምታ ለማጽናናት ደወለች። ላውራ ፍርሃቷን አሸንፋ ውሃ ውስጥ መግባቷን፣ እንዴት ያለች ጎበዝ እንደነበረች ደዋይዋ ለማርቲን ነገረችው። ከዚያ ቀጥሎ ማርቲን ቀለበቱን አገኘ፤ ውሃው ሳይወስደው ሽንት ቤቱ ውስጥ ቀርቶ ነበር። ከዚያ እናትየዋ ያለችበትን መጦሪያ አፈላልጎ፣ መርማሪ ፖሊስ ነኝ ብሎ ገባ። ልጅሽ አደጋ ላይ ናት፣ ልጠብቃት ነው አላት። እናትየዋ የምታውቀውን ነገረችው።

አንዳቸውም ላውራን አይጠሏትም። አንዷ ሐዘን ልትደርስ ደወለች፣ ሌላዋ ልጇን ልታድን ተናገረች። ስለ ትዳር ጥቃት ብዙ ተጽፏል፤ ስለ ጨካኙ ባል፣ ስለምትፈራው ሚስት። እኔ ስለ ሦስተኛው ሰው መጻፍ እፈልጋለሁ፤ ስለ ዘመድ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ሽማግሌው። ስለ እኛ ማለት ነው።

ልጅ ሳለሁ አዲስ አበባ፣ ከእኛ ግቢ አለፍ ብላ የምትኖር ሴት ነበረች። ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ለቅሶ የማይቀር፣ የዕድር ገንዘብ የሚታመንበት፣ ለሰላምታ ባርኔጣውን የሚያነሳ ሰው ነበር። ማታ ማታ የሚሰማውን ሁላችንም እንሰማ ነበር። መጀመሪያ የዕቃ ድምፅ፣ ከዚያ የእሷ፣ ከዚያ ዝም። እናቴ ራዲዮኑን ከፍ ታደርገዋለች።

አንድ ቀን ጠዋት ሴትየዋ ልጇን ይዛ እንደወጣች አልተመለሰችም። በሚቀጥለው እሁድ ከቅዳሴ መልስ ባልየው ሁለት ሽማግሌዎች አስከትሎ እኛ ቤት መጣ። ቡና ተፈልቶ ነበር፤ ስኒ የማዞረው እኔ ነበርኩ። ወንበር ስናቀርብለት «ግዴለም» ብሎ የመደቡ ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጋቢውን አፉ ድረስ ስቦ «እትዬ፣ እህል ከቀመስኩ ሦስት ቀኔ ነው» አለ። ዓይኑ ቀልቷል። ስኒውን ስሰጠው እጁ ስለተንቀጠቀጠ ቡናው ጋቢው ላይ ፈሰሰ፤ እናቴ ተነስታ በነጠላዋ ጫፍ ጠረገችለት። አንደኛው ሽማግሌ «ትዳር ነው፣ ይጋጫል፤ እኛ እያለን እንዴት ቤት ይፈርሳል?» አሉ። እናቴ ብዙ አላመነታችም። «እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ናት፤ ደብረ ብርሃን አክስቷ ዘንድ ናት። በሉ ሄዳችሁ አምጧት» አለች።

እንባው የእውነት ነበር። ይህን የምጽፈው እናቴን ለመክሰስ አይደለም፤ ያ ሰው እያለቀሰ ነበር። ሚስቱን የሚመታ ሰው ሚስቱ ስትሄድ ያለቅሳል፣ እህል አልበላ ይለዋል፣ ይከሳል። ሽማግሌ ፊት ሲቀርብ ሐዘኑ ስለሚታይ ከልቡ የተጸጸተ ይመስላል። ያጣው ነገር ግን በእጁ የነበረውን ሰው ነው፤ የሚያለቅሰውም እስኪመለስለት ድረስ ነው።

አመጧት። ታረቁ፤ ቀሚስ ከነነጠላው ተገዛላት፤ ሽማግሌዎቹ መረቁ። ክረምቱ ሳይወጣ እጇ ተሰበረ። ደረጃ ላይ ወደቅሁ አለች፤ ቤታቸው ደረጃ የለውም። ሁለተኛ ጊዜ ስትሄድ ለአክስቷም ለእናቴም ለማንም አልተናገረችም። እናቴ በዚህ ለብዙ ጊዜ አዝና ነበር። «ለእኔ እንኳን ሳትነግረኝ!» ትል ነበር።

ምስጢር መጠበቅ የማንችል ሕዝብ ሆነን አይደለም። ያን ሁሉ ዓመት ማታ ማታ የሚሰማውን ድምፅ ከሰፈሩ አንድ ሰው ወደ ውጭ አላወጣውም። ቀበሌ አልሄደ፣ ፖሊስ አልተጠራ፣ ለንስሐ አባታቸው እንኳን አልተነገረም። ገመና ነው ተባለ፣ በባልና ሚስት መሀል አይገባም ተባለ። የእሱ ክብር ለዓመታት በዝምታ ተጠበቀ። የእሷ መደበቂያ ግን በሳምንቱ ቡና ላይ ወጣ። ዝም ልንልበት በሚገባን ቦታ ተናገርን፣ ልንናገር በሚገባን ቦታ ዝም አልን።

ሕጉ ከዚያ ወዲህ ተራምዷል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 564 በትዳር ጓደኛ ወይም ከጋብቻ ውጭ አብሮ በሚኖር ሰው ላይ የሚፈጸም የኃይል ድርጊትን በስሙ ጠርቶ ወንጀል አድርጎታል። ከእሱ በፊት በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ሴት ልጅ ለብቻዋ ፍቺ እንድትጠይቅ መንገዱን ከፍቷል። በዚያው ሕግ ግን ፍርድ ቤቱ ተጋቢዎቹን እንዲያግባባ፣ ሦስት ወር ያልበለጠ የማሰላሰያ ጊዜ እንዲሰጥ ይፈቀድለታል። ለተኮራረፉ ባልና ሚስት ይህ መልካም ነገር ነው። ለምትደበደብ ሴት ግን እነዚያ ሳምንቶች የትዳሯ ሁሉ አስፈሪ ጊዜ ናቸው። በዚህ ጉዳይ ላይ የሚሠሩ ሰዎች ሁሉ ደጋግመው የሚናገሩት ይህንን ነው፦ ሴት የመገደል አደጋዋ ይበልጥ የሚከፋው ስትቀመጥ ሳይሆን ስትሄድ፣ ወይም ልሄድ ነው ብላ ስትናገር፣ ወይም ሄዳ ሳለ ነው። «ለምን አትተወውም?» የሚለው ጥያቄ ይህን አያውቅም። እሷ ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ለዚህ ነው ላውራ ከመሄዷ በፊት መሞት የነበረባት።

አዲስ አበባና አዳማን ጨምሮ በተለያዩ ከተሞች ለተጠቁ ሴቶች መጠለያ የሚሰጠው የሴቶች ማረፊያና ልማት ማኅበር ሥራ የሚገባኝም በዚህ በኩል ነው። አልጋና ምግብ ብቻ ቢሆን ዘመድም ያበላል። መጠለያ ዘመድ ሊሰጣት የማይችለውን ነገር ይሰጣታል፦ ባሏ አልቅሶ ቢመጣ በር የማይከፍትለት ሰው።

አሁን የምኖረው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ነው፤ አበሻ በሚበዛበት። እዚህ ያለው ማርቲን መርማሪ መቅጠር አያስፈልገውም። ስልኳን የገዛላት እሱ ነው፤ አካውንቱን የከፈተው እሱ ነው፤ የይለፍ ቃሉን ያውቀዋል። የቤተሰብ ተብሎ የተከፈተው አካውንት የት እንዳለች በካርታ ላይ ያሳየዋል። መኪናዋ ላይ የሚለጠፍ ትንሽ መከታተያ አለ። ይህ ሁሉ ባይኖር ደግሞ እኛ አለን። የክርስትና ድግስ ፎቶ ፌስቡክ ላይ ይለጠፋል፣ እሷ ከኋላ ቆማለች፣ የአዳራሹ ስም ግድግዳው ላይ ተጽፏል። የማኅበሩ ቴሌግራም ላይ አንዷ «ውይ እንትና፣ እንኳን ወደ ሰፈራችን መጣሽልን!» ብላ ትጽፋለች። በፍቅር ነው፤ በናፍቆት ነው። ለሚፈልጋት ሰው ግን አድራሻ ነው።

ፊልሙ የወጣበት ዓመት የሚገርመኝ ለዚህ ነው። ሰውን እየተከታተሉ ማስፈራራትን ራሱን ችሎ ወንጀል ያደረገው የመጀመሪያው የአሜሪካ ሕግ በካሊፎርኒያ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1990 ነው፤ ሥራ ላይ የዋለው በ1991 መግቢያ ላይ ነው። በዚያው በ1991 ደግሞ የዋሽንግተን ግዛት (ዲሲ ማለቴ አይደለም፣ ሲያትል ያለችበት) የተጠቂዎችን አድራሻ የሚደብቅ መርሐ ግብር ጀመረ፤ በአገሪቱ የመጀመሪያው ነው። ለሴትየዋ ምትክ አድራሻ ይሰጣታል፤ መንጃ ፈቃዷ ላይ፣ የልጇ ትምህርት ቤት ቅጽ ላይ የሚጻፈው ያ ነው፤ ደብዳቤዋ መጀመሪያ እዚያ ይደርስና ወደ እውነተኛው ቤቷ ይላክላታል። ዛሬ ሜሪላንድንና ካሊፎርኒያን ጨምሮ ብዙ ግዛቶች ይህ አላቸው። ላውራ ለብቻዋ፣ በሌሊት፣ በማዕበል መሀል የሠራችውን ሥራ መንግሥት በቢሮ ሊሠራው የጀመረው እሷ ስክሪን ላይ በዋኘችበት ዓመት ነው።

የእኛ ሴቶች ግን ከዚህ ሁሉ በፊት የሚያቆማቸው ሌላ ነገር አለ፤ ወረቀት። «ፖሊስ ብትጠሪ ወደ አገርሽ ነው የምትመለሺው» ይላታል። ያመጣት እሱ ነው፣ ግሪን ካርዱ በእሱ ስም የተጠየቀ ነው፣ ታምነዋለች። ይህን የሚያነብ አንድ ሰው እንኳ ካለ በደንብ ይስማኝ፦ እ.ኤ.አ. በ1994 በወጣው በሴቶች ላይ የሚፈጸም ጥቃትን የሚመለከተው የአሜሪካ ሕግ መሠረት፣ ባሏ ዜጋ ወይም ግሪን ካርድ ያለው ከሆነ፣ ጥቃት የደረሰባት ሚስት ለብቻዋ ማመልከት ትችላለች። የእሱ ፊርማ አያስፈልግም፤ ማወቅም አይገባውም። እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ ደግሞ የኢሚግሬሽን ሠራተኛ ማመልከቷን ለእሱ መንገር በሕግ ተከልክሏል። ሌላ መንገድም ሊኖር ስለሚችል፣ ባልየው ወረቀት ባይኖረውም እንኳ ጠበቃ ሳይጠየቅ ተስፋ አይቆረጥም።

ሌላው አስተርጓሚ ነው። ፖሊስ ይመጣል፣ እሷ እንግሊዝኛዋ ውስን ነው፣ የሚያስተረጉመው ባልየው ራሱ ወይም ወንድሙ ይሆናል። «ተሳስታ ነው የደወለችው» ይላል። ፍርድ ቤት ብትደርስ ደግሞ አስተርጓሚው የባሏ ማኅበርተኛ ሆኖ ታገኘዋለች፤ ከተማው ትልቅ ነው፣ እኛ ግን ጥቂት ነን። እምቢ ማለት ትችላለች። ሌላ ግዛት የተቀመጠ አስተርጓሚ በስልክ ይቅረብልኝ ብላ መጠየቅ ትችላለች። አገር አቀፉ የቤት ውስጥ ጥቃት ስልክ 1-800-799-7233 ሌሊትም ቀንም ይሠራል፤ «አማርኛ» ካለች አስተርጓሚ ይፈለግላታል። የጥበቃ ትዕዛዝ ስታወጣም በብዙ ግዛቶች አዲሱ አድራሻዋ ከሰነዱ ላይ እንዲደበቅ መጠየቅ አለባት፤ ካልጠየቀች ወረቀቱ ለእሱ ሲደርስ አድራሻዋም አብሮ ሊደርስ ይችላል።

አንዲት የማውቃቸው እናት አሉ፤ ቤተ ክርስቲያን ጠዋት ቀድመው የሚገቡ፣ ሰው የሚያከብራቸው። ባለፉት ዓመታት አንዷን ልጅ ቤታቸው አሳድረው ነበር፤ ከዚያ ወደ መጠለያ ሄዳለች። ባልየው አፈላልጎ ደረሰባቸው። «እማማ፣ ልጆቼ ናፍቀውኛል፣ ድምፃቸውን ብቻ ልስማ» አላቸው። «ልጄ፣ ባውቅም አልነግርህም» አሉት። ያለቅስ የነበረው ሰውዬ እንባው ወዲያው ደረቀ፤ ቤተሰብ አፍራሽ ናቸው፣ ቄሱ ጋ እከስዎታለሁ አለ፤ ሰደባቸው። እሳቸውም የካላንደሩ ወረቀት ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ያለውን ቃል በቃል ጻፉ። ቃል በቃል! ስድቡን ሳይቀር። ጠበቃዋ ያችን ወረቀት ከማመልከቻው ጋር አያይዛ አቀረበቻት።

እኚህ እናት ሕግ አልተማሩም፤ «አደገኛ ሰው» የሚባል ነገር ላይ ሥልጠና አልወሰዱም። ማስታረቅ ያውቃሉ፤ ብዙ ቤት አስታርቀዋል። ግን መታረቅ ያለበትና መደበቅ ያለበት ነገር እንደሚለያይ ገብቷቸዋል። መለያውን ስጠይቃቸው «ስትናገር በሩን ካየች፣ አታስታርቂ» አሉኝ።

ወደ ፊልሙ ልመለስና የማልስማማበትን ልናገር። መጨረሻው ላይ ማርቲን ሴዳር ፎልስ ቤቷ ይገባል። ከመታየቱ በፊት መምጣቱን የምታውቀው ፎጣዎቹ ተስተካክለው፣ ጣሳዎቹ ተሰልፈው ስታያቸው ነው፤ ይህን ትዕይንት የሠራው ሰው ቁጥጥር ምን እንደሆነ ገብቶታል። ከዚያ ሽጉጥ እጇ ይገባል። ለፖሊስ ደውላ ቤቴ የገባ ሰው ገድያለሁ ትላለች፤ ማርቲን በሕይወት ፊቷ ቆሞ ነው። ስልኩን ዘግታ ትተኩሳለች። መጀመሪያ ያየሁት ከሰፈር በተከራየነው የቪዲዮ ካሴት ከእህቶቼ ጋር ነው፤ ያኔ ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ዛሬ አላጨበጭብም። ፊልሙ እዚያ ያልቃል፤ የሴት ልጅ ጉዳይ ግን እዚያ ነው የሚጀምረው። መርማሪው ይመጣል፣ የስልክ ቅጂው ይደመጣል፣ ዐቃቤ ሕግ ስንት ደቂቃ አሰብሽበት ይላል።

እንግሊዝ አገር ሳሊ ቻለን የምትባል ሴት እ.ኤ.አ. በ2010 ባሏን በመዶሻ ገድላ በ2011 በነፍስ ግድያ ዕድሜ ልክ ተፈረደባት። ከልጅነቷ ጀምሮ የምታውቀው ሰው ነበር። ምን እንደምትለብስ፣ ከማን ጋር እንደምትገናኝ፣ ገንዘቧን እንዴት እንደምታወጣ የሚወስነው እሱ ነበር። ይህ በፍርድ ቤቱ ዘንድ ያኔ የቅናተኛ ሚስት ታሪክ መሰለ። አስገዳጅ ቁጥጥር በእንግሊዝና በዌልስ ሕግ ራሱን የቻለ ወንጀል የሆነው በ2015 ነው፤ ፎጣዎቹ ስክሪን ላይ ከታዩ ከ24 ዓመት በኋላ። በየካቲት 2019 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በአዲስ የአእምሮ ሕክምና ማስረጃ የተነሳ የግድያውን ፍርድ ሻረው። በሰኔ ወር ዐቃቤ ሕግ ከነፍስ ግድያ ዝቅ ያለውን ጥፋተኝነቷን ተቀበለ፤ በዚህ አዲስ የተፈረደባትን ጊዜ በእስር ቀድማ ጨርሳው ስለነበር ነፃ ወጣች።

ለመፈታቷ አደባባይ ወጥተው የተሟገቱላት ሁለቱ ወንዶች ልጆቿ ናቸው። የሞተው አባታቸው ነው። ልጆች ሆነው ቤታቸው ውስጥ ያዩትን፣ ሰው ሁሉ የቤት ጉዳይ ነው ብሎ ያለፈውን፣ አንድ በአንድ ተናገሩ።